«ከነእሽጉ ነው» ስለሚባሉ የድሮ ጌሞች፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ከሠላሳና ከዚያም በላይ ዓመታት በፊት የተመረቱ የቪዲዮ ጌሞች በኢንተርኔት ገበያ «አዲስ፣ ያልተከፈተ» እየተባሉ ይሸጣሉ። ከላይ የለበሱት ላስቲክ ከፋብሪካ የወጣ ይሁን ወይም በኋላ በሌላ ሰው እጅ የተደረገ ይሁን መለየት ያስቸገራቸው አንባቢያን ከላኩልን ጥያቄዎች መካከል የተወሰኑትን ለዚህ እትም መርጠናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የላኪዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ በልጅነቴ ተውሼ የተጫወትኩትን የሱፐር ኒንቴንዶ ጌም አንድ ሻጭ «ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ከነእሽጉ» ብሎ ለሽያጭ አቅርቦታል። ዋጋው ከተከፈተው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ያስቀመጣቸው ፎቶዎች ሁለት ብቻ ሲሆኑ አንዱ የሳጥኑን ፊት፣ ሌላው ጀርባውን ያሳያል። ላስቲኩ ጥርት ያለና የሚያብረቀርቅ ነው። እውነተኛ መሆኑን በምን ማወቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ አስቀድመው ሊገነዘቡት የሚገባው ነገር ያ ላስቲክ ማጭበርበርን ለመከላከል ታስቦ የተሠራ አለመሆኑ ነው። ሳጥኑ በመጓጓዣና በመደርደሪያ ላይ እንዳይጎዳ የሚለብስ ተራ ማሸጊያ ነው። በሙቀት የሚኮማተረው ይህ ላስቲክም ሆነ ማሸጊያ ማሽኑ ዛሬም ማንም ሰው በቀላሉ ገዝቶ ሊጠቀምበት የሚችል ዕቃ ነው። ጌሞቹ አዲስ በነበሩበት ዘመንም አንዳንድ ሱቆች ደንበኛ የመለሰውን ወይም ለማሳያ የከፈቱትን ዕቃ እንደገና አሽገው መደርደሪያ ላይ ይመልሱት ነበር። ስለዚህ ዳግም የታሸገ ጌም ሁሉ በአጭበርባሪ እጅ ያለፈ ነው ማለት አይቻልም። ለእርስዎ ግን ልዩነት የለውም፤ በቅን ልቦናም ይታሸግ ለማታለል፣ ያን ሁሉ ትርፍ ገንዘብ የሚከፍሉበት ነገር በሳጥኑ ላይ የለም።

ወደ ምልክቶቹ ስንመጣ፣ ሻጩ ያስቀመጠው የጀርባ ፎቶ በትልቁ ሊታይ የሚችል ከሆነ ከፊቱ ፎቶ ይልቅ ብዙ ይነግርዎታል። የጃፓኑ ጌም አምራች ኒንቴንዶ ለሰሜን አሜሪካ ገበያ ያዘጋጃቸው የካርቶን ሳጥኖች ላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ በሳጥኑ ጀርባ የሚያልፍ አንድ መጋጠሚያ መስመር አለው፤ ይህ መስመር በሁለቱ ጫፎቹ ከሌሎች ሁለት መጋጠሚያዎች ጋር ስለሚገናኝ ሰብሳቢዎች ኤች በተባለው የላቲን ፊደል ይጠሩታል። በትንሽ የሱቅ ማሽን የታሸገ ሳጥን ግን ብዙውን ጊዜ ጀርባው ባዶ ሆኖ መጋጠሚያው በጎኖቹ ጠርዝ ዙሪያ ይሄዳል፤ በማዕዘኖቹም ላይ ተርፎ የተጨማደደ ላስቲክ እንደ ትንሽ ጆሮ ቆሞ ይታያል። ሆኖም በዚህ ምልክት ብቻ ውሳኔ እንዳይሰጡ አደራ እላለሁ። ለዚያው ኮንሶል (የጌም ማጫወቻ ማሽን) ጌም ያወጡ ሌሎች አሳታሚዎች የተለየ አስተሻሸግ የተጠቀሙበት ጊዜ አለ፤ የጀርባውን መጋጠሚያ አስመስለው መሥራት የቻሉ አጭበርባሪዎችም አሉ። መስመሩ አለመኖሩ ያስጠረጥራል እንጂ መኖሩ ነጻ አያወጣም።

እኔ ይበልጥ የምተማመነው የሳጥኑና የላስቲኩ ዕድሜ መመሳሰሉን በማየት ነው። እውነተኛ እሽግ ከሆነ ሳጥኑን የደረሰበት ጉዳት ሁሉ ላስቲኩንም ደርሶበታል። የሳጥኑ ማዕዘን ተልጦ ነጩ የካርቶን ሥጋ ወጥቶ ሳለ በዚያው ማዕዘን ላይ ያለው ላስቲክ ሳይበሳና ሳይቧጠጥ ውጥር ብሎ ከተገኘ፣ ካርቶኑ የተጎዳው ላስቲኩን ከመልበሱ በፊት ነው ማለት ነው። የዋጋ ወረቀት ወይም የተላጠ ወረቀት ሙጫ ከላስቲኩ በታች ከታየ፣ ሳጥኑ አንድ ጊዜ ያለ ላስቲክ ሱቅ ውስጥ ቆይቷል። ከሁሉ የሚረሳው ደግሞ የሳጥኑ መክፈቻ ክዳን ነው። የካርቶን ክዳን አንድ ጊዜ እንኳ ተከፍቶ ከተዘጋ በመታጠፊያው ላይ ቀለሙ ተሰንጥቆ ቀጭን ነጭ መስመር ይተዋል፤ ምላሱ የሚገባበት ጠርዝም ይለሰልሳል። ያንን መስመር ምንም ዓይነት ላስቲክ አይሸፍነውም። ነገር ግን ከፊትና ከኋላ በተነሳ ፎቶ ላይ አይታይም፤ ሻጩም ሁለት ፎቶ ብቻ ያስቀመጠው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

«ጥርት ያለና የሚያብረቀርቅ» ያሉትን ነገር እንደ መልካም ምልክት አልወስደውም። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍና ከሌላ ሳጥን ጋር ሲፋተግ ሠላሳ ዓመት የቆየ ላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ጥቃቅን ጭረት፣ አንዳንድ ቦታ ላይም ቀዳዳ ይኖረዋል። በጥንቃቄ የተቀመጠ ዕቃ ጥርት ብሎ ሊቆይ እንደሚችል አልክድም፤ ያን ጊዜ ግን ሳጥኑም እንደዚያው ያማረ ሊሆን ይገባል። አንዳንዶች የአልትራቫዮሌት መብራት አብርቶ ማየትን ይመክራሉ። መብራቱ አዲስ የታተመ ፎርጅድ ሳጥንን ለማጋለጥ አንዳንዴ ይረዳል። ሆኖም ወረቀትን የሚያነጡ ኬሚካሎች ጌሞቹ ከመመረታቸው ብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ በሥራ ላይ የዋሉ ስለሆኑ እውነተኛው አሮጌ ካርቶንም በመብራቱ ሥር ሊያበራ ይችላል፤ ከተረጋገጠ ሌላ ሳጥን ጋር ሳያስተያዩ በመብራቱ ብቻ መፍረድ ስህተት ላይ ይጥላል።

የጌሙ አገርም መታየት አለበት። በጃፓን ለፋሚኮምና ለሱፐር ፋሚኮም (የኒንቴንዶ ማጫወቻዎች በጃፓን የሚጠሩበት ስም ነው) የወጡ የጌም ካሴቶች በአብዛኛው ላስቲክ ሳይለብሱ ይሸጡ ስለነበር «ከፋብሪካ የታሸገ» የሚባል የጃፓን ሳጥን ሲያጋጥም ገና ከጅምሩ ማብራሪያ መጠየቅ ተገቢ ነው። በሰሜን አሜሪካም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1985 የወጡት የመጀመሪያዎቹ የኔስ (የፋሚኮም የአሜሪካ ስሪት) ጌሞች ሳጥናቸው የሚዘጋው በክብ ተለጣፊ ወረቀት ነበር፤ ላስቲኩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሲዲ ጌሞች ደግሞ ሌላ መልክ አላቸው። የፕሌይስቴሽን ሲዲ መያዣዎች የለበሱት ስስ ላስቲክ በጫፎቹ ላይ እንደ ሲጋራ ፓኮ ተጣጥፎ የተለጠፈ ነው፤ እንዲህ ባለው መያዣ ላይ በሙቀት የተኮማተረ ወፍራም ላስቲክ ካዩ አይግዙት።

እንግዲህ ሻጩን የስድስቱንም ጎኖች ፎቶ ይጠይቁ፤ በተለይ ሁለቱን መክፈቻ ክዳኖች ብርሃን ከጎን እየመታቸው እንዲያነሳልዎ ይንገሩት። ፎቶዎቹ ከሌላ ሰው ሽያጭ የተወሰዱ አለመሆናቸውን ለማረጋገጥም የዕለቱ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ከሳጥኑ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ፎቶ እንዲነሳ ቢጠይቁ ነውር የለውም። ዕቃው እውነተኛ የሆነለት ሻጭ ይህን የሚጠላበት ምክንያት አይታየኝም። የሚቆጣ፣ «ሌላ ገዢ እየጠበቀ ነው» እያለ የሚያጣድፍ ወይም «ከአያቴ ቤት ያገኘሁት ስለሆነ ስለ ጌም አላውቅም» እያለ ዋጋውን ግን እስከ መጨረሻው ሣንቲም የሚያውቅ ከሆነ፣ ትዝታዎ የቱንም ያህል ቢገፋፋዎ ይተዉት።

ጥያቄ፦ እኔ ግን ቀድሜ ገዝቻለሁ። ዕቃው ትናንት ደረሰኝ፤ በእጄ ስይዘው ላስቲኩ ወፈር ይላል፤ ከሥሩም የተላጠ የዋጋ ወረቀት ምልክት አለ። ለሻጩ ብጽፍለት «ከፍተህ እይ፤ ውስጡ ኦሪጅናል ካልሆነ ገንዘብህን እመልሳለሁ» አለኝ። ልክፈተው?

መልስ፦ አይክፈቱት። ሻጩ ይህን የሚልዎ በቅንነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ምላጭዎ ላስቲኩን በቀደደበት ቅጽበት ማስረጃዎ አብሮ ይጠፋል። የእርስዎ ክርክር ስለ ካሴቱ አይደለም። ካሴቱ ኦሪጅናል ሊሆን ይችላል፤ ዳግም በታሸጉ ሳጥኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘውም ያገለገለ ኦሪጅናል ካሴት ነው። እርስዎ የከፈሉት ከፋብሪካ ወጥቶ ላልተከፈተ ዕቃ ሲሆን፣ ያንን የሚያስረዳልዎ አሁን በእጅዎ ያለው ላስቲክ፣ ከሥሩ ያለው የወረቀት ምልክትና የመጋጠሚያው አቀማመጥ ነው። ከከፈቱት በኋላ ሻጩ «እኔ የታሸገ ልኬ የተከፈተ ዕቃ እንዴት እመልሳለሁ?» ቢል ሰሚ ያገኛል።

ዛሬውኑ ሳጥኑን በመስኮት ብርሃን አጠገብ አድርገው ሁሉንም ጎን ፎቶ ያንሱ። የወረቀቱ ምልክት ከላስቲኩ በታች መሆኑ በግልጽ እንዲታይ ካሜራውን አዘንብለው የተወሰኑ ፎቶዎችን ይጨምሩ፤ ምልክቱ ባለበት ቦታ ላይ ጣትዎን በላስቲኩ ላይ ሲያንሸራትቱ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ደግሞ ከብዙ ቃላት ይበልጣል። የመጣበትን ካርቶንና የመላኪያ ወረቀቱንም አይጣሉ። ከዚያ «ዕቃው በማስታወቂያው እንደተገለጸው አይደለም» የሚለውን አቤቱታ በገዙበት ገበያ በኩል ያቅርቡ። ከሻጩ ጋር የሚጻጻፉትም በዚያው መድረክ ብቻ ይሁን፤ በስልክ መልእክት የተደረገ ስምምነትን መድረኩ ሊያየው አይችልም።

ጊዜ አለኝ ብለው አይዘናጉ። ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ የገዢ ዋስትና መሠረት አቤቱታ የሚቀርበው ዕቃው ከደረሰ በ30 ቀናት ውስጥ ነው። ፔይፓል በተባለው የኢንተርኔት ክፍያ አገልግሎት ከከፈሉ ክርክር መክፈት የሚቻለው ከክፍያው ቀን ጀምሮ እስከ 180 ቀናት ድረስ ነው። ነገር ግን ሻጩ ኮሚሽን ለማትረፍ ብሎ ገንዘቡን ለወዳጅና ለቤተሰብ በሚላክበት መንገድ እንዲልኩ አድርጎዎት ከሆነ ያ ዋስትና አይሠራም። እውነቱን ለመናገር ለማያውቁት ሰው በዚህ መንገድ መክፈል ለምንም ዓይነት ቅናሽ የማያዋጣ ነገር ነው። በባንክ ካርድ የከፈሉ ከሆነም ካርዱን የሰጠዎትን ባንክ ክፍያው እንዲመለስ መጠየቅ የሚቻልበት አሠራር ስላለ ወደዚያው ያምሩ።

ጥያቄ፦ በጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ተዘግቶ ነጥብ የተሰጠው ጌም ብገዛ ከዚህ ሁሉ ሥጋት አልድንም?

መልስ፦ ሥጋቱ ይቀንሳል፤ አይጠፋም። ነጥብ ሰጪ ድርጅቶች ሳጥኑንና እሽጉን በባለሙያ ዓይን መርምረው፣ ያመኑበትን በታተመ ቁጥር መዝግበው በፕላስቲክ መያዣ ይዘጉታል። ዋታ የተባለው ድርጅት ለምሳሌ ለሳጥኑ ይዞታ እስከ 10 የሚደርስ ነጥብ ሲሰጥ ለላስቲኩ ለብቻው በፊደል ደረጃ ሲያወጣለት ቆይቷል፤ ከፍተኛው ኤ ሁለት ፕላስ (A++) ነው። ብዙ ዕቃ ካየ ሰው የሚመጣ ምርመራ ስለሆነ ዋጋ አለው። ይሁን እንጂ መርማሪው የሚሰጠው የባለሙያ አስተያየት ነው፤ ያልተከፈተ ሳጥን ውስጡን ከፍቶ ማየት አይችልምና።

ነገሩ ለምን እንደተባባሰ ለመረዳት ግን እ.ኤ.አ. ወደ 2021 መለስ ማለት ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ሐምሌ ውስጥ ሄሪቴጅ በተባለው የአሜሪካ አጫራች ድርጅት ጨረታ አንድ የታሸገ የሱፐር ማሪዮ 64 ካሴት፣ 9.8 ነጥብና ከፍተኛውን የእሽግ ደረጃ ይዞ፣ በ1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎም የመጀመሪያው የዜልዳ ጌም አንድ ቅጂ በ870,000 ዶላር ሄዶ ነበር። ሱፐር ማሪዮ 64 በሚሊዮኖች የተሸጠ፣ ተከፍቶ ያገለገለው ቅጂ ዛሬም በቀላሉ የሚገኝ ጌም ነው። እንግዲህ ያንን ሁሉ ገንዘብ ያስከፈለው ጌሙ ያልተከፈተ መሆኑ፣ የሳጥኑና የላስቲኩም ይዞታ ነው ማለት ነው። አንድ ስስ ላስቲክ ይህን ያህል የዋጋ ልዩነት ሲፈጥር፣ ያንን ላስቲክ አስመስሎ ለመሥራት ጊዜና ገንዘብ የሚያፈስ ሰው መነሳቱ የማይቀር ነበር። በዋጋዎቹ አወጣጥ ላይ ከፍተኛ ክርክር ተነስቶ በቀጣዩ ዓመት በነጥብ ሰጪው ድርጅት በዋታ ላይ በአሜሪካ የጋራ ክስ እስከ መመሥረት ደርሷል።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ2022 የድሮ የኮምፒውተር ጌም ሰብሳቢዎች፣ በመካከላቸው ሲሸጡና ሲለዋወጡ የቆዩ እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ ብርቅዬ ጌሞች ፎርጅድ ሆነው ማግኘታቸውን ይፋ አድርገዋል። የተጭበረበሩት ጀማሪዎች አልነበሩም፤ ዕቃውን ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ እርስ በርሳቸው የሚተማመኑ ሰዎች ነበሩ። ይህ ጉዳይ በጣም ያሳዝነኛል፤ የዚህ ስብስብ ሕይወት መተማመን ነውና።

ስለዚህ ነጥብ የተሰጠው ጌም ሲገዙ በመያዣው ላይ ያለውን የምዝገባ ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብተው የጌሙ ስምና ነጥቡ መመሳሰሉን ይመልከቱ። ቁጥሩ ትክክል መሆኑም ብቻውን አይበቃም፤ የእውነተኛ ዕቃ ቁጥር በፎርጅድ መያዣ ላይ ሊታተም ይችላል። ድርጅቱ የዕቃውን ፎቶ የሚያሳይ ከሆነ በማዕዘኖቹ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጉዳቶች አንድ በአንድ ያስተያዩ። የፕላስቲክ መያዣው መጋጠሚያ ላይ የመፈልቀቅ ወይም የሙጫ ምልክት ካለም አይግዙት።

ጥያቄ፦ እኔ ሰብሳቢ አይደለሁም፤ መጫወት ብቻ ነው የምፈልገው። ያልተከፈተ ብገዛ በተሻለ ሁኔታ አይሠራልኝም?

መልስ፦ የግድ አይደለም። በጨዋታው የደረሱበትን ደረጃ የሚያስቀምጡባቸው ብዙ ካሴቶች በውስጣቸው የተበየደ ትንሽ ባትሪ አላቸው፤ ብዙ ጊዜ ሲአር2032 የሚባለው ዓይነት ነው። ያ ባትሪ ሳጥኑ ቢከፈትም ባይከፈትም ያረጃል። በታሸገ ሳጥን ውስጥ ያለቀ ወይም ማፍሰስ የጀመረ ባትሪ መኖሩን ሳይከፍቱ የሚያውቁበት መንገድ የለም። ላስቲኩም ራሱ ከጊዜ ብዛት እየተኮማተረ ስሱን ካርቶን ሊያጣምመው ይችላል። ተከፍቶ የተሞከረ፣ ሻጩ ሲሠራ በቪዲዮ ያሳየዎትንና የውስጥ ሰሌዳውን ፎቶ የላከልዎትን ካሴት በትንሽ ዋጋ ይግዙ።

ጥያቄ፦ ዘመድ የተወልን የድሮ ጌሞች አሉ። አብዛኞቹ ተከፍተው በጥንቃቄ የተቀመጡ ናቸው፤ የሁለቱ ላስቲክ ግን በከፊል ተቀዷል። ከመሸጤ በፊት አቧራ እንዳይገባባቸው ሁሉንም በአዲስ ላስቲክ ባሽጋቸው ጥፋት ይሆንብኛል? «ዳግም የታሸገ» ብዬ በግልጽ ልጽፍ አስቤያለሁ።

መልስ፦ በግልጽ ለመጻፍ ማሰብዎ የሚያስመሰግን ነው፤ የሚያሳስበኝ ግን ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ሻጭ ነው። ጽሑፍዎ ከማስታወቂያው ጋር ይጠፋል፤ ላስቲኩ ግን ሳጥኑ ላይ ይቀራል። ከእርስዎ የገዛው ሰው ለሌላ ሲሸጠው፣ ያም ለሦስተኛው ሲያስተላልፈው እውነቱን የሚናገር ላይኖር ይችላል፤ አራተኛው ገዢ «ከነእሽጉ ነው» ተብሎ የሚከፍለው ላስቲክ እርስዎ በቅንነት ያለበሱት ይሆናል። ሙቀቱም አሮጌውን ካርቶን ሊያጣምም ወይም ቀለሙን ሊጎዳ ይችላል።

ከአቧራ ለመከላከል በየጌሙ ሳጥን ልክ የሚሸጡ፣ የሚከፈቱና የሚዘጉ ግልጽ የፕላስቲክ መያዣዎች አሉ፤ ማንም ከፋብሪካ እሽግ ጋር አያምታታቸውም። ላስቲካቸው የተቀደደውን ሁለቱን ደግሞ ምንም ሳይነኩ እንዳሉ ያስቀምጧቸው። የተቀደደ እውነተኛ ላስቲክ ለሚያውቅ ገዢ ዋጋ አለው፤ ቅዳዱ በቅርብ የሚታይባቸውን ፎቶዎች አንስተው፣ ዕቃው እንዴት ወደ እጅዎ እንደገባ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፈው ለሽያጭ ቢያቀርቡት በቂ ነው።